ያልጠነከረ ጀርባና የቸኮለ ሜዳ

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰለፈውን ፈረስ ለማየት የወጣ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ሽምጡ ላይ ነው። ያሸበረቀው ግላስ፣ በመርገፍ የደመቀው ኮርቻ፣ ዘንግ የያዘው ጋላቢ፣ ከኋላ የሚነሣው አቧራና እልልታው ሁሉም ወደ ፍጥነት ይጠራሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚህ ቀን የሚያስበው ፈረስ በዓድዋ ዘመቻና በፀረ ፋሽስት ተጋድሎው ለዚህ አገር የዋለውን ውለታ ነው። ማኅበሩ በለቅሶ፣ በሠርግና በእርቅ ላይ የሚታይ የአካባቢው አለኝታም ነው። ከዚህ ሁሉ ክብር አጠገብ የማነሣው ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም። ከዚያ ሁሉ መንጋ መካከል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት የሚቀርብ ወጣት ፈረስ አለ። ስንት ዓመቱ ነው? ማን ተቀመጠበት? አፉ ውስጥ የገባው ልጓም ምን ዓይነት ነው? ለዚያ ጩኸት ማን አለማመደው? የወጣት ፈረስ የመጀመሪያ ውድድር የርጋታና የመታዘዝ ፈተና መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ሽምጡና ጉግሱ ከዚያ በኋላ ይምጡ። ለዚህ ፈተናም የራሱ ሜዳ፣ የራሱ ዳኛና የራሱ ሽልማት ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ፈተና በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ፈረንጆቹ ድሬሳዥ የሚሉት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በኦሊምፒክ ውስጥ አለ። መነሻው የጦር ፈረስን መግራት ነው። በጨበጣ ውጊያ መካከል በአንዲት የእግር ንክኪ የሚዞር፣ ባለበት የሚቆም፣ ከጓዶቹ ተነጥሎ የሚሄድ ፈረስ የጌታውን ሕይወት ያተርፋል፤ ያልተገራው ግን ጌታውን ጠላት መሐል ይዞት ይገባል። ለጀማሪ ፈረስ የሚሰጠው ፈተና ታዲያ እጅግ ቀላል ነው። ሜዳው 20 በ40 ሜትር ነው። ፈረሱ በእርጋታ ይገባል፣ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጋላቢው ዳኛውን እጅ ይነሣል፤ ከዚያ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ 20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ በመጨረሻም እንደገና መቆም ነው። በብሪታንያ የመግቢያው ደረጃ ከእርምጃና ከሶምሶማ አያልፍም፤ ፈጣን ግልቢያ ጭራሽ የለበትም። ዳኛው ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። በዚህ ሜዳ ላይ ከሚታዩት መካከል ኮብ የሚባሉት አጭርና ደንደን ያሉ ፈረሶች ይገኛሉ፤ አያቶቻቸው ጋሪ ሲጎትቱና የእርሻ ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ይህን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ጫንቃው ላይ ሲለካ ያለ ጫማ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ፖኒ ይባላል። በዚህ መለኪያ የእኛ አገር ፈረሶች አብዛኞቹ ፖኒ ናቸው። ስለዚህ ከትልልቆቹ የአውሮፓ ፈረሶች ይልቅ የእኛን ጉዳይ የሚመስለው የእነዚህ ትናንሽ ሠራተኛ ፈረሶች ጉዳይ ነው።

ከዕድሜ ልጀምር። ፈረስ የሚያውቅ ገበሬ ሁሉ ዕድሜውን የሚያነበው ከአፉ ነው። የፊተኞቹ የወተት ጥርሶች ተራ በተራ እየወለቁ በቋሚ የሚተኩት ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሦስት ዓመት ተኩልና አራት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነው፤ አምስት ዓመት ሲሆን አፉ ይሞላል። ጥርስ የሚታይ ነገር ስለሆነ እናውቀዋለን፤ የማይታየው አጥንት ነው። የፈረስ አጥንት የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል ከታች ወደ ላይ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የታችኛው እግር ቀድሞ ይዘጋል፣ የጉልበቱ አካባቢ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይከተላል። ከሁሉም በኋላ የሚጠነክረው የጀርባ አጥንት ሲሆን እስከ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ኮርቻ የምንጭነው እንግዲህ መጨረሻ በሚበስለው ክፍል ላይ ነው ማለት ነው። የሦስት ዓመት ፈረስ ቁመናው ያማረ፣ ደረቱ የሰፋ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ የጎደለው የለም። ጀርባው ግን ገና ነው።

እዚህ ላይ በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ተቃውሞ ይነሣል። በብዙ አገር የሩጫ ፈረሶች በሁለት ዓመታቸው ይወዳደራሉ፤ በለጋ ዕድሜ የተንቀሳቀሰ ፈረስ አጥንቱ እንደሚጠነክር የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ልክ ነው፤ ወጣት ፈረስ ታስሮ መዋል የለበትም፣ አጥንት የሚበረታው በመንቀሳቀስ ነው። ነገር ግን በራሱ እግር በመስክ ላይ መሮጥና ሰው ተሸክሞ በሽምጥ መዞር አንድ አይደሉም። የሩጫ ፈረስ ላይ የሚቀመጠው ጆኪ ተመዝኖ የተመረጠ ቀላል ሰው ነው፣ ሩጫውም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ያም ሆኖ ስንቶቹ የሩጫ ፈረሶች በለጋነታቸው እግራቸው እየተሰበረ እንደሚቀሩ ስፖርቱ ራሱ ሲያፍርበት የኖረ ነው። በድሬሳዥ ግን በወጣት ፈረሶች የዓለም ሻምፒዮና ላይ የሚፈቀደው ትንሹ ዕድሜ 5 ዓመት ሲሆን፣ በኦሊምፒክ ለመቅረብ ደግሞ ፈረሱ 8 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ሽልማቱ ትልቅ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሰው መቸኮሉ ስለማይቀር ደንቡ ችኮላውን እንዲገታ ተደርጓል።

የክብደት ነገር ከዕድሜው አይተናነስም፤ እንዲያውም ለእኛ ፈረሶች የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ፈረሶችን የራሳቸውን ክብደት 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እያሸከመ ፈትኗል። እስከ 20 በመቶ ድረስ ፈረሶቹ ሸክሙን ችለው ታይተዋል፤ በ25 እና በተለይ በ30 በመቶ ግን ጡንቻቸው መታመሙና መወጠሩ በግልጽ ተለይቷል። ይህን ወደ እኛ እናምጣው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ብንወስድ 20 በመቶው 50 ኪሎ ነው። ጋላቢው 60 ኪሎ፣ ኮርቻው ከነግላሱና ከነእርካቡ 8 ኪሎ ቢሆን ፈረሱ የተሸከመው ከክብደቱ 27 በመቶ ያህል ሆነ። ይህ ደግሞ ቀጭን ሰው ነው፤ ጎልማሳው ከነካባውና ከነጋሻው ሲወጣበት ስሌቱ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል። የሐበሻ ፈረስ ጠንካራ ነው፣ አባቶቻችን ዳገት ቁልቁለቱን በእሱ ነው የተሻገሩት ይባላል። ጥንካሬው አይካድም። ይሁንና በጥናቱ ውስጥ 30 በመቶ የተሸከሙትም ፈረሶች መሸከሙን አላቆሙም፤ የታመመ ጡንቻ ይዘው ቀጠሉ። ፈረስ መሸከሙ አለመጎዳቱን አያሳይም። ገጣባ የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ የኖረው ጀርባው እየቆሰለም መጫኑን የማይከለክል እንስሳ ስለበዛ ነው። ከዚህ የሚከተለው መፍትሔ ቀላልና ደስ የሚያሰኝ ነው። በወጣት ፈረስ የመጀመሪያ ውድድር ላይ የሚቀመጡት ቀላል ክብደት ያላቸው ወጣቶች ይሁኑ። ወንዱም ሴቷም። ፈረሰኛነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መንገድ በዚያው ይሰፋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ፍርሃት ነው፤ ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፈረስ አዳኝን ሸሽቶ በመትረፍ የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ከጎንና ከጎን ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ልክ ከግንባሩ ፊትና ከጀርባው ያለውን ብቻ ነው። ድንገት የተከፈተ ጥላ፣ የሚውለበለብ ባንዲራ፣ ከኋላ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ ለእሱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሁሉ በላይ ከመንጋው መለየት ያስጨንቀዋል። ደንባራ ፈረስ የምንለው ብዙውን ጊዜ ያልተለማመደ ፈረስ ነው፤ ለጋሚ የምንለውም የሚጠየቀው ያልገባው ወይም ጀርባው የሚያመው ነው። በፍርሃት ላይ አለንጋ ሲጨመርበት ፈረሱ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ያ ቦታ በእርግጥም የሚያስፈራ መሆኑን። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ዓለም ያየው ይህንኑ ነው። ዘመናዊ ፔንታትሎን በሚባለው ውድድር ተወዳዳሪዎች የማያውቁትን ፈረስ በዕጣ ተቀብለው ለ20 ደቂቃ ብቻ ከተላመዱ በኋላ መሰናክል ያዘልሉት ነበር። ስትመራ የነበረችው የጀርመን ተወዳዳሪ የደረሳት ሴይንት ቦይ የተባለው ፈረስ ከእሷ በፊትም እምቢ ብሎ የነበረ ነው። በአለንጋ ተመታ፣ አሠልጣኟም በቡጢ መታችው፤ ፈረሱ ግን አሻፈረኝ አለ፤ ልጅቱ እያለቀሰች ወርቁን አጣች። ውጤቱ የአንድ ሰው ሽንፈት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ከ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በኋላ የፈረስ ግልቢያ ከዚያ ስፖርት ጨርሶ ወጥቷል። ለፈረሱ ዝግጅት ቦታ ያልሰጠ ውድድር በመጨረሻ ራሱን አጠፋ።

ማለማመድ ደግሞ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜውም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በፖኒዎች ላይ የተሠራ ጥናት በሳምንት አንድ ቀን የሠለጠኑት በየቀኑ ከሠለጠኑት ባነሰ የትምህርት ቁጥር ትምህርታቸውን እንደጨረሱ አሳይቷል። ይህ ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው። አዝመራ የያዘው ሰው በየቀኑ ፈረስ ሊገራ አይችልም፣ አያስፈልገውምም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለስድስት ወር በትዕግሥት የሠራ ሰው፣ በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጧት ማታ ከሚያስጨንቀው ሰው የበለጠ የተገራ ፈረስ ይኖረዋል። መጀመሪያ በእጅ መሳብ፣ መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ አራቱንም እግር ማስነሣት፤ ቀጥሎ በረጅም ገመድ በሁለቱም አቅጣጫ ማዞር፤ ከዚያ ባዶ ኮርቻ፤ ከዚያ ቀላል ልጅ፤ ከዚያ ከሠፈር ወጥቶ ከረጋ ትልቅ ፈረስ ጎን መሄድ። ገበያ ዳር ማቆም፣ ከሠርግ ዘፈን ራቅ ብሎ ማስቆምና በየጊዜው ማቅረብ፣ ጥላ በርቀት ከፍቶ ማሳየት። ማኅበሩ በለቅሶና በሠርግ ላይ የሚገኝ መሆኑ እዚህ ላይ ጸጋ ነው፤ ወጣቱን ፈረስ ሳይጫኑ ከታላላቆቹ ጋር አስከትሎ ወስዶ ዳር ላይ ማቆም ከየትኛውም ትምህርት ቤት የማይገኝ ልምምድ ነው።

ስለ ልጓሙ አጭር ነገር ልበል። በአገራችን የቆየው ልጓም ብረቱ ምላስ ላይ ተቀምጦ በሥሩ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት ያለው ነው። በአንድ እጁ ጋሻ ወይም ጦር ለያዘ ተዋጊ የተሠራ ነውና ፈረስን በቅጽበት ለማቆም ብርቱ ነው። እጁ ከበሰለ ፈረሰኛና ከጨዋ ፈረስ ጋር ያለ ጉዳት ሊያገለግል ይችላል። ገና ጥርሱን እየቀየረ ባለ፣ ድዱ በሚያሳክከው ወጣት ፈረስ አፍ ውስጥ፣ እጁ ባልረጋ ልጅ ሲጎተት ግን ቅጣት ነው። በወጣቶቹ ፈተና ላይ ይህ ልጓም ይከልከል፤ ቀለበት የሌለው ቀላል ልጓም ወይም ያለ ብረት የገመድ አፍንጮ ይፈቀድ።

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ ልምጣ። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ የእኛ ባህል ጉግስ ነው፣ ፈረሱም ያው ሜዳውም ያው፣ ለምን እናወሳስበዋለን የሚል ይኖራል። ለባህሉ መቆርቆሩን አከብራለሁ። ግን የባህላችንን ግማሽ ረስተነዋል። በአማርኛ ስለ ፈረስ አካሄድ ያሉትን ቃላት እንመልከት፤ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ፣ ስግሪያ። ሰጋር ማለት የተቀመጠበትን ሰው ሳይንጠው እንደ ውኃ የሚፈስ ነው። ሰጋር በቅሎ የመኳንንቱ ኩራት የነበረችው በፍጥነቷ ሳይሆን በአካሄዷ ልስላሴ ነበር። አካሄድን የሚለይ፣ የሚያደንቅና ስም የሚሰጥ ሕዝብ የርጋታ ፈተናን ከውጭ አልተዋሰም፤ ዳኛና ነጥብ ሳይሰጠው የተወው የራሱ ሀብት ነው። አይስላንዳውያን ያደረጉትን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። የእነሱም ፈረስ እንደ እኛ ትንሽ፣ ብርድና ዳገት የቻለ፣ የገበሬ ፈረስ ነው። ሰጋር የምንለውን የሚመስል ቶልት የሚባል አካሄድ አለው። እነሱ ታዲያ ፈረሳቸውን በትልልቆቹ የአውሮፓ ፈረሶች መመዘኛ አላስለኩም። በራሱ አካሄድ ላይ የቆመ ውድድር ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የአይስላንድ ፈረስ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ዛሬ የዓለም ሻምፒዮና ያለው ስፖርት ነው። ለኮርቻ የሚያቀርቡትም በአብዛኛው አራት ዓመት ሲሞላው ነው። እኛም ከድሬሳዥ የምንወስደው ኮፍያውንና ረጅሙን ኮት አይደለም። የምንወስደው ፈረስ በደረጃ የሚፈተንበትን ሥርዓት ነው፤ የሚፈተንበት አካሄድ ደግሞ የራሳችን ስግሪያ ይሁን።

ድሬሳዥ ራሱ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የብሪታንያዋ የሦስት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሻርሎት ዱጃርዲን በሥልጠና ላይ የአንድን ፈረስ እግር በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ከፓሪስ ኦሊምፒክ ራሷን አገለለች፤ ለአንድ ዓመትም ታገደች። ይህ የሚያሳየኝ ርጋታን የሚሸልም ውድድርም ቢሆን ከዳኛው ዓይን ውጭ የሚሆነውን ብቻውን እንደማይጠብቅ ነው። ስለዚህ የእኛ ፈተና ነጥብ ብቻ መስጠት የለበትም። የገባው ፈረስ ሁሉ አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ይታይ፤ ኮርቻው ወርዶ ጀርባው ይዳሰስ፤ የከንፈሩ ጥግና ምላሱ ይታይ፤ የአለንጋ ሰንበር ያለበት ወይም ገጣባ የሆነ ፈረስ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ከሜዳ ይመለስ። በእነዚህ ላይ ምሕረት ካለ ፈተናው ባይኖር ይሻላል።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። 20 በ40 ሜትር ሜዳ በኖራ ይሰመራል፤ አራት ችካልና ገመድ ይበቃል። ዳኞቹ ከሰባቱ ቤት አገው የተመረጡ ፈረስ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው በአንድ ዓይነት መመዘኛ ነጥብ መስጠት መማር ነው፣ ይህም የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። ተመልካቹ ይሰለቻል ለሚለው፣ ፈተናው በበዓሉ ዋዜማ ጧት ይደረግ፤ አሸናፊዎቹ ብቻ በማግሥቱ ሕዝቡ ፊት በእርምጃና በስግሪያ ይለፉ። ትናንት የተፈተነ ወጣት ፈረስ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ጆሮውን አቅንቶ፣ አንገቱን አለስልሶ፣ ዘንጉ ሳይነካው ቀጥ ብሎ ሲቆም ማየት ለሚያውቅ ሰው ከሽምጥ ያላነሰ ውበት አለው። የማያውቀውም ቢሆን ሽማግሌው ነጥቡን ለምን እንደሰጠ በድምፅ ማጉያ ሲያስረዳ ይማራል። ይህ ሥራ ለእንጅባራ ብቻ የሚቀር አይደለም። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ባለበት አገር በሰላሌም፣ በባሌም፣ በአዲስ አበባ ጃንሜዳም ፈረስ ይወጣል፤ ነገር ግን እንደ አገው ፈረሰኞች ማኅበር ያለ የተደራጀ፣ አባላቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ ቃሉ የሚሰማ ድርጅት በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ደንቡን ማኅበሩ ካወጣው ሌላው ይከተላል።

እስከዚያው ደንብ የማይጠብቅ ነገር አለ። ወጣት ፈረስ ያለዎት ወንድሜ፣ እኅቴ፤ ዛሬ ማታ ገለባ ሲሰጡት ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጥርሱን ይቁጠሩ። አፉ ካልሞላ ለመጪው ጥር 23 አይጫኑት። በእጅዎ እየሳቡ፣ ከአንድ የረጋ ትልቅ ፈረስ ጎን አድርገው ይዘውት ይምጡ፤ ሜዳው ዳር ቆሞ ይይ፣ ይስማ፣ ሣሩን ይጋጥ። ተራው በሚቀጥለው ዓመት ነው።